የደረቀው ሰጋቱራ

ሐሙስ ጠዋት ጠርሙሶቹን ስመዝን አንዱ ጎደለብኝ። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አጥፍቼ አበራሁት፤ ሰውን ከመጠርጠር ዕቃን መጠርጠር ይቀላል። መልሼ መዘንኩ፤ ያው ነው። «ሀ» የሚል ምልክት ያለበት ጠርሙስ መዝገቡ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ግጥም ይላል። «ለ» የሚለው ግን ከመዝገቡ አርባ ሚሊ ሊትር ያህል ቀንሷል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ደብዛዛ ቢጫ መብራት ብቻ ነው። የምሠራባቸው ውህዶች የቫይታሚን ኤ ዘመዶች ናቸው፤ ነጭ ብርሃን ካገኛቸው ይበላሻሉ። ስለዚህ በፎይል ተጠቅልለው ጨለማ ውስጥ ይኖራሉ፤ እኔም አሥራ አምስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። መሥሪያ ቤቱ «የጨለማዋ ዶክተር» ይለኛል። ሳያንኳኳ በሩን ከፍቶ ብርሃን ያስገባ ሰው ከአፌ የሚወጣውን ስለሚያውቅ፣ ስሙን ያወጡልኝ በመብራቱ ይሁን በአፌ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከእነዚህ ውህዶች አንዱ የአይጦችን የካንሰር ዕጢ ሲያሳንስ ከዚህ በፊት አይተናል። ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ደግሞ ስኳርም ያለባቸው ብዙ ናቸው። አንዱ መድኃኒት ሁለቱንም ቢይዝስ ብዬ ሦስት ዓመት ለፋሁ። አሁን ስኳር ያለባቸው አርባ አይጦች አሉን፤ ግማሾቹ ውህዱን በዘይት ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ ባዶ ዘይት። የትኛው ጠርሙስ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ሆን ተብሎ ነው። ተመራማሪ የተመኘውን ነገር የማየት ክፉ ልማድ አለበት፣ እኔም ከሰው የተለየሁ አይደለሁም። ስለዚህ ጠርሙሶቹን ያዘጋጀው ፋርማሲስት ሀ እና ለ ብሎ ምልክት አድርጎ ምስጢሩን በታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። የደም ስኳራቸውም ቁጥር እኔ ሳላየው በቀጥታ ወደ ስታቲስቲክስ ባለሙያው ይሄዳል። ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የሚከፈተው ወይ ጥናቱ ሲያልቅ፣ ወይ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። ከጊዜው በፊት ከተከፈተ ጥናቱ አበቃለት።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው። አንዱ እኔ ጋ ነው፤ ሌላው አይጦቹን የሚንከባከቡት ሽማግሌ ጋ። ሁሉም «የአይጦቹ አባት» ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ኬጅ ያጥባሉ፣ ውሃ ይሞላሉ፣ አይጦቹ የሚተኙበትን ሰጋቱራ ይቀይራሉ። ዕቃ በጠፋ ቁጥር ሰው ወደ እሳቸው ሲመለከት «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እያሉ ይስቃሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ጥፋተኛ ሆነው አያውቁም።

ጠራኋቸው። ባልዲያቸውን በሩ ላይ አስቀምጠው ገቡ።

«ጋሼ፣ ይቺን ጠርሙስ ነክተዋታል?»

መልሳቸውን ሳልሰማ ከንፈራቸውን አየሁ። ተሰነጣጥቋል፤ አፋቸው ጥግ ላይ ቆዳው ተልጧል። በቢጫው መብራት እንኳ ያስታውቃል። የቫይታሚን ኤ ዘመዶች ሰው ላይ ሲበዙ ቀድመው የሚያደርቁት ከንፈርን ነው፤ ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ።

«ጠጥተዋል» አልኳቸው።

«ጠጥቻለሁ» አሉ፤ አልካዱም። «ስኳር እንዳለብኝ ያውቃሉ። አሥር ዓመቴ ነው። ስኳር ያለበት ፍጥረት ውሃ ያበዛል፣ ይሸናል። እርስዎ ደማቸውን ይቀዳሉ፣ እኔ መኝታቸውን አያለሁ። የ‹ሀ›ዎቹ ሰጋቱራ በማግስቱ ሲጨምቁት ይንጠባጠባል። የ‹ለ›ዎቹ ደረቅ ነው፤ የዚያን ግማሽ እንኳ አይረጥብም። ሁለት ወር ሙሉ አየሁ። መድኃኒቱ ‹ለ› ነው ብዬ ቆረጥኩ።»

አልዋሽም፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ሦስት ዓመት የለፋሁበትንና ከራሴ የደበቅኩትን ነገር እኚህ ሰው በባልዲና በመጥረጊያ ደርሰውበታል። ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ እንደገና ከንፈራቸውን አየሁና ደስታው ጠፋ።

«ምን ያህል ነው የሚጠጡት?»

«በቀን ሃያ ጠብታ። አይጧ የምትወስደውን አይቼ፣ እኔ ስንት አይጥ እሆናለሁ ብዬ አሰላሁት። ቁጥሩ ሲበዛብኝ ፈራሁና ቀነስኩ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሃያ አምስት ቀኔ ነው።»

ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በሃያ አምስት ቀን ሃያ አምስት ይሆናል። የጎደለው ግን አርባ ነው።

«አሥራ አምስቱስ?»

አቀረቀሩ። ጣታቸው የሽርጣቸውን ጫፍ ይጠመዝዛል። «ብቻዬን አልጠጣሁም» አሉ።

ልጃቸውን አውቃታለሁ። እንኮዬ ነው የሚሏት፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኬጆቹ አጠገብ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስኳሯን በመርፌ ነው የምትይዘው። አሁን ልብስ ሰፊ ናት፤ ካገባች መንፈቅ ቢሆናት ነው።

«በዘፈቀደ አልሰጠኋትም» አሉ ቶሎ ብለው። «መጀመሪያ አይጥ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ እሷ። አሥር ቀን ራሴ ላይ ሞከርኩት። ምንም ሳልሆን ስቀር ነው የሰጠኋት። እርስዎም እኮ በቅደም ተከተል ነው የሚሠሩት።»

«ጋሼ፣ እንኮዬ ነፍሰ ጡር ናት?»

ፊታቸው በራ። «ማን ነገረዎት? ለእኔም እኮ የነገረችኝ ባለፈው እሁድ ነው። ሰባት ሳምንቷ ነው።»

መቀመጫዬን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ። የቫይታሚን ኤ ዘመዶች ማኅፀን ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ጽንሱ ልቡን፣ ጆሮውን፣ አንጎሉን በሚሠራበት ሳምንት ከደረሱበት ሥራውን ያበላሹታል፤ ያ ሳምንት ደግሞ ይኸው ነው። ለዚህም ነው የክፍሉ በር ላይ «ነፍሰ ጡር አትግባ፣ ይህን የምትነካ አትፀንስ» የሚል ማስጠንቀቂያ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለው። እኔው ነኝ የሰቀልኩት። የተጻፈው ግን በውጭ ቋንቋ ነው፤ ሥራ ስጀምር ከመጀመሪያው የውህድ ሳጥን ጋር የመጣውን እንዳለ ሰቀልኩት። እኚህ ሰው በየሳምንቱ መስታወቱን ይወለውላሉ።

«ምን ሆኑብኝ? ፊትዎ ተለዋወጠ» አሉ።

«ምንም። እዚህ ይጠብቁኝ።»

ኮሪደሩን አቋርጬ ቢሮዬ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታውን አወጣሁ። ውሸት ምን ይሠራልኛል፣ አመነታሁ። ሦስት ዓመት ነው። እረፍት ያልወጣሁበት፣ እህቴ ስትታመም በስልክ ብቻ የጠየቅኩበት ሦስት ዓመት። ብከፍተው ጥናቱ አለቀ። ብተወው ደግሞ ያቺ ልጅ ምን እንደጠጣች ሳላውቅ እዚህ እቀመጣለሁ።

ከሁሉ ያስፈራኝ የራሴ ጸሎት ነው። ‹ለ› መድኃኒቱ ከሆነ ሥራዬ ተሳክቷል፤ የደረቀው ሰጋቱራ ምስክር ነው፤ እንኮዬ ግን አለቀላት። ‹ለ› ባዶ ዘይት ከሆነ ልጅቷ ተርፋለች፣ እኔ ግን ባዶ እጄን ቀረሁ። ፖስታውን ደረቴ ላይ ይዤ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሥራዬ ከንቱ እንዲሆን ለመንኩ።

ቀደድኩት። ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለበት። ሀ፣ ውህዱ በዘይት። ለ፣ የሱፍ ዘይት ብቻ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ግንባሬን አስደግፌ ሳቅሁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረብኝ። ዘይት ነው። ሽንኩርት የሚጠበስበት ዘይት።

የሰጋቱራውም ነገር ገባኝ። የ‹ለ›ዎቹ አይጦች አልዳኑም፤ ስኳራቸው እንደነበረ ነው። ይልቅ የ‹ሀ›ዎቹ ነው በመድኃኒቱ የባሰባቸው። አንዱ ክፉኛ ሲረጥብ ሌላው ደረቅ ይመስላል። ዕጢ የሚያሳንሰው ውህዴ ስኳር ያባብሳል። ይህ ነው የሦስት ዓመቴ ውጤት፤ እኔ ግን እያለቀስኩ ደስ ብሎኛል።

ጋሼን ወደ ቢሮዬ ጠርቼ ነገርኳቸው። አላመኑኝም።

«ዘይት? ሰጋቱራው እኮ ደረቅ ነው።»

«መድኃኒቱ እነዚያኞቹን አብሶባቸው እንጂ እነዚህ ድነው አይደለም። እርስዎም እንኮዬም የጠጣችሁት የሱፍ ዘይት ነው። ምጣድ ላይ ቢያፈሱት ይሻል ነበር።»

አፈሩ። እኔም እፎይ ያለ ሰው እንደሚያደርገው አፌን ከፈትኩባቸው፤ ሌባም አልኳቸው፣ ሐኪም ነኝ ባይም አልኳቸው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። ሻይ አስመጣሁ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ተቀመጥን፤ እሳቸው ቀና ማለት አፍረው፣ እኔ ፖስታውን እያገላበጥኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ያንን ሩብ ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሻያቸውን ጨርሰው ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ማንቆርቆሪያ ውሃ ቀዱ። በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ደገሙ። ሦስተኛውን ቀድተው ግማሽ ላይ ሲደርሱ እጄን ብርጭቆው ላይ ጫንኩ።

ዘይት ከንፈር አያደርቅም።

«ጋሼ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «የስኳር ኪኒንዎን ይወስዳሉ?»

«ትቼዋለሁ። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ከተወሰደ የትኛው እንደሠራ በምን ይታወቃል? ለተማሪዎችዎ ሲናገሩ የሰማሁት እኮ ከእርስዎ ነው።»

«ሌሊት ስንቴ ለሽንት ይነሳሉ?»

የአርባ አይጥ መኝታ ያነበበ ዓይን የራሱን አላነበበም። «አምስቴ» አሉ በመጨረሻ። «ዕድሜ ነው ብዬ…»

«እንኮዬስ? መርፌዋን?»

ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ግማሽ አድርጊው አልኳት። አልፈለገችም ነበር። የዶክተሯ መድኃኒት ነው፣ እመኚኝ ስላት እሺ አለች።»

«አሁንም ግማሹን ትወጋለች?»

«ሰኞ ዕለት ተዪው አልኳት።»

ሐሙስ ነው። የእሳቸውን ዓይነት ስኳር ኪኒን ቢተውበትም ጊዜ ይሰጣል፤ የእንኮዬ ዓይነቱ ግን ያለ ኢንሱሊን መርፌው ከቀናት በላይ አያቆይም። ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደግሜ ደወልኩ። አባትየው ዓይኔን ዓይኔን ያዩኛል።

«ባሏስ?»

«መንገድ ላይ ነው። ከባድ መኪና ነጂ አይደል፣ ቅዳሜ ነው የሚገባው።»

ታክሲ ያዝን። መብራት ያዘን፣ ለቀቀን፣ ሁለተኛው ያዘን። እኔ ሩብ ሰዓት ሻይ ጠጥቻለሁ። ይህንን ብቻ ነው የማስበው።

ቤቱ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው መስፊያዋ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። መርፌው አንድ የቀሚስ እጅጌ ላይ እንደተሰካ መኪናው ቆሟል፤ አጠገቡ ሁለት ትልልቅ የውሃ ላስቲኮች፣ ሁለቱም ባዶ። ጋሼ «እንኮዬ» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። ከውስጠኛው ክፍል ግን ትንፋሽ ይሰማል፣ ሩቅ ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ።

አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ናት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ከአፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ይወጣል። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም አቅቶት የራሱን ስብ ሲያነድ የሚመጣ ነው። ፍሪጁን ከፈትኩ። የኢንሱሊኑ ብልቃጦች በሩ ላይ ተደርድረዋል። ከእነሱ ጎን በፎይል በጥንቃቄ የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ አለች፤ ብርሃን እንዳያገኛት።

«ልጄ» አሉኝ ጋሼ፤ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲያ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። «ልጄ፣ አንድ ነገር አድርጊ።»

«በእግሯ በኩል ይያዟት» አልኳቸው።

ታክሲው እንዲጠብቀን ነግሬው ስለነበር ሆስፒታል ለመድረስ ብዙ አልፈጀብንም። ደም ሥሯ ውስጥ ፈሳሽና ኢንሱሊን አስገቡ። ተረኛዋ ሐኪም በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ ቁጥሩን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥቂት ሰዓት ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና ተወችው። ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገርኳት። ጽንሱንስ ስላት «መጀመሪያ እናትየው» አለችኝ። ልክ ናት። እኔም ሐኪም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሼም እዚያው ስኳራቸው ተለክቶ እጃቸው ላይ ፈሳሽ ተሰክቶላቸዋል፤ ማንጠልጠያውን አጠገባቸው አቁመው ተቀምጠዋል። ፈራሁ። የፈራሁት እንኮዬን ብቻ አይደለም፤ እሳቸው ቀና ብለው ምን እንደሚሉኝ ፈራሁ። አንድ ጊዜ ብቻ «በቅደም ተከተል ነበር ያደረግኩት» አሉ፤ ለራሳቸው ይመስላል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «ዶክተር፣ መድኃኒትዎን አላቋረጥኩም» አለችኝ። ፀጉሯን ዳሰስኩት።

በሦስተኛው ቀን አልትራሳውንድ አነሷት። ባሏ ከመንገድ እንደገባ አልጋው ጎን ቆሟል፤ ጋሼ በር ላይ፣ እኔ ከእሳቸው ጀርባ። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አንሸራተተች፣ አቆመች፣ እንደገና አንሸራተተች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረች። የባቄላ ፍሬ በምታክል ነገር መሀል አንዲት ነጥብ ትርገበገባለች።

«ልቡ ይመታል» አለች። «ግን ዋስትና አልሰጣችሁም። ገና ነው፤ በየሳምንቱ ትታያለች።»

ጋሼ ግድግዳውን ይዘው ቁጢጥ አሉ።

ሁሉንም ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አስገባሁ፤ የጠርሙሱንም፣ የፖስታውንም፣ የሩብ ሰዓቱንም። ጥናቱ ተሰረዘ። ለእሳቸውም ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡን። ጋሼን እናባርር ሲሉ ያን ያህል ጮኼ አላውቅም፤ ቁልፉን ተቀብለው ሰውየውን ተዉልኝ። አንድ ነገር ብቻ ለእሳቸው አልነገርኩም። ጠርሙሱ ‹ሀ› ቢሆን ኖሮ ጽንሱ ላይ ምን ይደርስ እንደነበር አልነገርኩም። የተሸከሙት ይበቃቸዋል ብዬ ነው። ወይም ያንን ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ጀመሩ። ከንፈራቸው ድኗል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ በሩን ልከፍትላቸው ቁልፍ ስፈልግ፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጨርቃቸውን አውጥተው የማስጠንቀቂያውን መስታወት መወልወል ጀመሩ። እጃቸው መሀል ላይ ቆመ። ወረቀቱን ቀይሬዋለሁ፤ በምንነጋገርበት ቋንቋ፣ በትልልቁ፣ በራሴ እጅ ጽፌ።

እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ነፍሰ ጡር አትግባ። እዚህ ያለው መድኃኒት ጽንስ ያበላሻል። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት።

«ይሄ አዲስ ነው?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«አይደለም። የተቀየረው ቋንቋው ነው።»

«የፊተኛውም ይህንኑ ነው የሚለው?»

«ይህንኑ ነው።»

ጨርቁን ሁለት አጠፉት፣ አራት አጠፉት። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ በሩን ግን መክፈት አቃተኝ።

«አሥራ አምስት ዓመት ወልውዬዋለሁ» አሉ።